የፒካፕ ሸራ ፍሬም እድሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው። ፒካፔ የዕቃ ማመላለሻ ናት፤ ከኋላ ያለው ሸራ ደግሞ የሰው ንብረት ከዝናብ የሚጠብቅልኝ ነው። እስካሁን የራሴን፣ የወንድሜንና የሁለት ጎረቤቶቼን የሸራ ፍሬም ፈትቼ፣ ፍቄና ቀብቼ መልሻለሁ። በር ላይ ስሠራ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱን እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ፍሬሜ ዝጓል። ልቀይረው ወይስ ላድሰው?

በካቻቢቴ ጫፍ የዛገውን ቦታ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት። ጫፉ ከቆመ ብረቱ አለ፣ ይታደሳል። ከገባ፣ ወይም ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ከተፈረከሰ፣ ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) መበየድ አለበት። ሙሉ ፍሬም የሚያስጥል ዝገት ግን እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚበሉት ሁሌም ያው ቦታዎች ናቸው፤ ታችኛዎቹ ማዕዘኖች፣ የብሎን ቀዳዳዎችና ቅስቶቹ ከጎን ብረቱ ጋር የሚገናኙበት።

ብረት ይሁን አልሙኒየም በምን አውቃለሁ?

በማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ቀለሙን ትንሽ ፋቅ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ከያዘ ብረት ነው። እዚሁ አገር በያጅ የሠራው ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ቱቦ ወይም ከቱቦላሬ ነው። ካልያዘ አልሙኒየም ነው ብላችሁ ተነሱ። ከውጭ ተገጥሞ የመጣ፣ የሚጠቀለል ወይም ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ሸራ ከሆነ ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ሐዲድ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር የተቀባ አልሙኒየም ነው። «አልሙኒየም አይዝግም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እንደ ብረት አይቀላም እንጂ ይበላል። ቀለሙ ስር ነጭ ዱቄት ካያችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ማግኔት ይይዘዋል፣ ግን ቀለሙ ሲነሳ ከስሩ እንደ ቆርቆሮ የሚያበራ ግራጫ ይወጣል። ይህ ዚንክ የተነከረ ብረት ነው። በላዩ ላይ ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ ከቀባችሁ ዚንኩ ከቀለሙ ዘይት ጋር እየተዋሃደ እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከስሩ የኤፖክሲ መነሻ ቀለም ያስፈልገዋል።

በክረምት መቀባት ይቻላል?

ከቻላችሁ ተዉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተፋቀ ብረት ጠዋት እንደ መስታወት ቢያበራ ከሰዓት በኋላ ብርቱካናማ ይሆናል። የግድ ከሆነም ጣሪያ ያለው ግቢ ፈልጉና በፋቃችሁበት ቀን መነሻ ቀለሙን ጨርሱ።

በበጋም ቢሆን ሰዓቱን ምረጡ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ውጭ ያደረ ብረት ጠዋት ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ላብ ያልበዋል። ጤዛው በዓይን ላይታይ ይችላል፤ እጃችሁን ስታሳርፉበት ግን ይታወቃል። በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም አይያዝም። እኔ ከ4 ሰዓት በፊት አልጀምርም፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አልቀባም። ምሽት ላይ የተቀባ ቀለም ሳይደርቅ ብርዱ ይደርስበትና ይደበዝዛል።

ሳልፈታው መቀባት አልችልም?

አትችሉም። ዝገቱ ያለው ሸራው የተኛበትና ፍሬሙ ከካሶኒው (ከዕቃ መጫኛው ሳጥን) ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ነው። ካልፈታችሁት ደግሞ ያ አይታይም።

ሸራውን መጀመሪያ አውጡ። አታጣጥፉት፤ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉት። ፕላስቲክነት ያለው ሸራ ከታጠፈበት ላይ ይሰነጠቃል። ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። ቅስቶቹ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የመሃሉ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ውሃ እንዳይቆም። በወረቀት ፕላስተር ላይ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉባቸው።

አልፈታ ያለ ዳዶ ካጋጠማችሁ አትታገሉት። የዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ አሳድሩት። በማግስቱም እምቢ ካለ ቁረጡትና አዲስ ብሎን ግዙ። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ብትሄዱ አሮጌውን ናሙና ብቻ አሳዩ፣ ልኩን ያወጡላችኋል። አሮጌ ብሎን ለማዳን ብሎ ፍሬም የሚያጣምም ሰው አይቻለሁ። ያሳዝናል።

ምን ያህል ነው የምፍቀው?

ሥራው ይኼ ነው። ቀለም መቀባቱ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ መፋቁ ሁለት ቀን ይፈጃል። ብዙ ሰው ቀለሙን ይወቅሳል። የነጋዴውንም ስም ያጠፋል። የሚላጠው ግን ቀለሙ ስላልረባ ሳይሆን የተቀባው ዝገት ላይ ስለሆነ ነው። ዝገት ከመጣበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ከቀለሙ ስር ሆኖ እያበጠ ይገፋዋል። በመጀመሪያ ነጥብ ታያላችሁ፣ ከዚያ ፊኛ፣ ከዚያ ቅርፊት።

ከመፋቅ በፊት እጠቡት። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት። የሞተር ዘይትና የእጅ ቅባት ያለበትን ብረት መጀመሪያ ከፋቃችሁት ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ትከቱታላችሁ። በኦሞና በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ለመጥረግ ቤንዚን ወይም ናፍጣ አትጠቀሙ። ቤንዚን እሳት ይጠራል፣ ናፍጣም በላዩ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ ቀለም ደግሞ ቅባት አይወድም።

ከዚያ የተላላጠውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። ግራይንደር ካላችሁ በላዩ ላይ የሚገጠመው የሽቦ ጎማ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ መነጽር ግን ሳታደርጉ አትንኩት፣ ሽቦዎቹ እየተነቀሉ ይፈናጠራሉ። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት። ለዛገው ቁጥር 80፣ ከዚያ 120፣ መጨረሻ ላይ 220። ደህና የያዘ አሮጌ ቀለም ካለ እስከ ብረቱ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። አንጸባራቂነቱን ገድላችሁ ጠርዙን አሳሱት። ጣታችሁን ከቀለሙ ወደ ብረቱ ስታንሸራትቱ ደረጃ ከተሰማችሁ ገና ነው።

ብየዳው ያለበት ቦታ ላይ ጊዜ ስጡ። ብየዳ ሸካራ ነው፣ ጥቃቅን ጉድጓድ አለው፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። ያንን ቅርፊት በሞረድ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ካልነቀላችሁት ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። የወንድሜ ፍሬም ላይ ሌላው ሁሉ ሁለት ክረምት ሲያልፈው ሦስት ብየዳዎች ብቻ ነበሩ የተላጡት። እኔ ነኝ የቸኮልኩባቸው።

አልሙኒየም ከሆነ የብረት ሽቦ ብሩሽ አይነካውም። ብናኙ እዚያ ይቀርና በኋላ እሱ ይዝጋል። የብርጭቆ ወረቀት ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሸካራ ስፖንጅ ተጠቀሙ። አሮጌ ቀለም ለማንሳት ብላችሁ ኮስቲክ ሶዳ እንዳታደርጉበት፤ አልሙኒየሙን ራሱን ይበላዋል።

አሮጌ ቀለም በደረቁ ስትፍቁ ብናኙን አትተንፍሱት። በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ውሃ እያስነካችሁ ፋቁ፣ ወዲያው አድርቁ፣ ጭቃውን በፌስታል ሰብስቡ።

ከላይ አሳምሬ ቀብቼው ከውስጥ ዛገብኝ። ለምን?

ይህን ያስተማረኝ እዚሁ ሰፈራችን የሚሠራ ወጣት በያጅ ነው። የራሴን ፍሬም ይዤለት ሄድኩ፣ አንድ ማዕዘን ተሰንጥቆ። ቱቦላሬውን አንስቶ ወደ ጆሮው አስጠጋና ነቀነቀው። «ጋሼ፣ ይሄ ከውስጥ ነው የሚበላው» አለኝ። ከታች በኩል በትንሽ መሰርሰሪያ በሳው። መጀመሪያ አንድ ጠብታ መጣ። ከዚያ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ውሃ እጁ ላይ ፈሰሰ፣ አንድ ሲኒ ይሞላል። ከስንት ክረምት ጀምሮ እዚያ ውስጥ እንደተቀመጠ እግዜር ይወቅ።

ውሃው የሚገባው በብሎን ቀዳዳና ባልተዘጋ ጫፍ ነው። መውጫ ካላገኘ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ፍሬሙ መኪናው ላይ ሲገጠም ዝቅ የሚለው ቦታ የቱ እንደሆነ እዩና 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱለት። በደንብ አድርቁት፤ የኮምፕሬሰር አየር ቢነፋበት ጥሩ ነው። ከዚያ ቀጠን ያለ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል መነሻ ቀለም) በአንዱ ጫፍ አፍስሱና ቱቦውን እያዟዟራችሁ በሌላው ጫፍ አውጡት። የበዛው ይፍሰስ፣ ቀዳዳው ግን እንዳይደፈን በሽቦ ክፈቱት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጡ የሚያፈሱ አሉ። አታድርጉት። በሙቀት እየቀጠነ ይወጣና ሸራውንም የጫናችሁትንም ዕቃ ያበላሻል።

የዝገት መቀየሪያ ፈሳሽ ይሠራል? ኮካስ?

መቀየሪያው ይሠራል፣ ቦታውን ካወቀ። አብዛኛው ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያለበት ነው፤ ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁርና የማይላቀቅ ነገር ይለውጠዋል። የሚጠቅመው ግን ለላላው ዝገት አይደለም። የላላው መጀመሪያ በብሩሽ ይነሳ። ፈሳሹ የብርጭቆ ወረቀት ለማይደርስበት ጉድጓድና ለብየዳ ጥግ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ጥቁር እስኪሆን ጠብቁ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንዳንዱ መታጠብ አለበት፣ አንዳንዱ የለበትም።

ኮካ ውስጥም ፎስፎሪክ አሲድ አለ፣ ግን በጣም ትንሽ ነው። የሚተርፋችሁ የስኳር ሙጫ ነው። ጠጡት።

ጉድጓዱን በስቱኮ ልድፈነው?

ፍሬም ላይ አይመከርም። ፒካፕ ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ፍሬሙ ይተጣጠፋል፣ ስቱኮው ደግሞ አይተጣጠፍም። ይሰነጠቅና ከስሩ ውሃ ይይዛል። ጉድጓዱ ይታይ፣ ግድ የለም፤ ሸራው ይሸፍነዋል።

አንቲረስቱም ቀለሙም የቱ ይሁን?

ለብረት ተራው ቀይ ወይም ግራጫ አንቲረስት ይበቃል። አንዴ በወፍራሙ ሳይሆን ሁለት ጊዜ በስሱ ቀቡ። ወፍራሙ ከላይ ይደርቅና ከውስጥ እንደ ገንፎ ይቆያል። ለአልሙኒየምና ዚንክ ላለው ብረት ኤፖክሲ። ቀለም ቤት ስትገቡ «ለብረት» አትበሉ፤ የትኛው ብረት እንደሆነ ተናገሩ።

የላይኛው ቀለም ላይ ሦስት ምርጫ አለ። የዘይት ቀለም ርካሽ ነው፣ በብሩሽ ይቀባል፣ ግን ለመድረቅ ልብ ያደርቃል። በጣሳ የሚረጨው ለትንሽ ቦታ ጥሩ ነው፤ ሽፋኑ ግን ስስ ነው፣ ለሙሉ ፍሬም ብዙ ጣሳ ይበላል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ ፈሳሽ) የሚጨመርበት የመኪና ቀለም ከሁሉም ይበልጣል። ጠንካራ ነው፣ ፀሐይንም ይችላል፤ እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቀለም ይበላል። ገንዘቡ ካላችሁ እሱን ምረጡ። ነገር ግን ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን ይጎዳል፣ የወረቀት ማስክ አያስቆመውም። ተገቢው ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ከሌላችሁ ራሳችሁ አትርጩት፤ መርጫ ክፍልና መተንፈሻ ላለው ቀቢ ስጡት። ፍቃችሁና አንቲረስት ቀብታችሁ ብትወስዱለት ዋጋውም ይቀንስላችኋል።

ከለሩ ጥቁር ማት ቢሆን እመርጣለሁ። ሲጫርም በብሩሽ ስትጠጋግኑትም አያስታውቅም።

ፓውደር ኮቲንግ አይሻልም?

ጠንካራ ነው። የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚቀባው በሱ ነው። ዱቄቱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ይያዛል። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ ጎማ፣ ፕላስቲክ ወይም ሙጫ መቅረት የለበትም። ምድጃው ደግሞ የፍሬማችሁን ርዝመት የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ ለኩ። አንድ ጉድለት አለው፤ አንዴ ከተሰነጠቀ ውሃው ከስሩ ሩቅ ይሄዳል፣ መጠጋገኑም አስቸጋሪ ነው። በየቀኑ ዕቃ ለሚጫንበት መኪና እኔ ሃርድነር ያለውን ቀለም እመርጣለሁ።

ሸራውን መቼ ልመልሰው?

እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ፍሬሜን የቀባሁት ቅዳሜ ነበር፣ በዘይት ቀለም። እሁድ ጠዋት በጣቴ ነካሁት፣ ደርቋል። ሰኞ ዕቃ ስለነበረብኝ ሸራውን ወጥሬ አሰርኩት። ሐሙስ ስከፍተው ከፍሬሙ አልላቀቅም አለ። ጎተትኩት። ቀለሙን ይዞት ተነሳ። ቅስቱ ላይ የሸራው ሽመና፣ እያንዳንዱ ክር፣ እንደ ማኅተም ታትሞ ቀርቶ ነበር። የሁለት ቀን ፍቂያዬ ሸራው ሆድ ላይ ተለጥፎ አየሁት።

ሲነካ ደርቋል ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ሸራ ራሱን የሚያለሰልስ ኬሚካል አለው፤ ያ ኬሚካል ወደ ቀለሙ እየተሻገረ ያልጠነከረውን ቀለም ያላላዋል። ሸራው ተወጥሮ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ቀኑን ሙሉ ሲጫነው አስቡት።

አሁን የዘይት ቀለም ከሆነ ቢያንስ 10 ቀን እተወዋለሁ፤ ሃርድነር ያለው ከሆነ አንድ ሳምንት። መፈተኛው ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ ላይ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ጫኑ። ምልክት ከቀረ አልደረሰም። አፍንጫችሁንም አስጠጉ፤ ቲነር ከሸተታችሁ አልደረሰም። በመሃል ዝናብ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ለጊዜው ላስቲክ አስራችሁ ሥሩ።

ስትመልሱት ሸራው ያጠረ ከመሰላችሁ አትደንግጡ። ብርድ ነው ያኮማተረው። ቀትር ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ አሙቁት፣ ይለጠጣል።

ሸራው የሚያሽበት ቦታ ቀለሙ እንዳይነሳ ምን ላድርግ?

የብስክሌት አሮጌ ከለመዳሪ፣ ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ። ቁመቱን ቆርጣችሁ ቅስቱ አናት ላይ ብቻ እንደ ጥብጣብ ለጥፉት። ዙሪያውን አትጠቅልሉት፤ ውሃ ይቋጥራል፣ የሸሻችሁትን ዝገት መልሳችሁ ትጠሩታላችሁ። ፍሬሙ ከካሶኒው ከንፈር ጋር የሚነካካበትም ላይ ጎማ አስገቡ። በተለይ አልሙኒየም ብረት ላይ በቀጥታ ከተቀመጠና እርጥበት ከገባው አንደኛው ሌላውን ይበላዋል። ብሎኖቹን ግራሶ ቀብታችሁ በሮንዴላ እሰሩ፤ የሚቀጥለው የሚፈታቸው ሰው ይመርቃችኋል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ መሥራት እችላለሁ?

መፋቅና በብሩሽ መቀባት ይቻላል፣ ጎረቤት ልብስ ያላሰጣበትን ቀን መርጣችሁ። መርጨት ግን አይቻልም። የቀለም ጤዛ ሦስት መኪና አልፎ ያርፋል፣ ሽታውም ሕፃናት ያሉበት ቤት ይገባል። ግቢ ያለው ዘመድ ፈልጉ።

ከታደሰ በኋላ ምን ይፈልጋል?

ከክረምት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ አንዴ ሸራውን ገልጣችሁ እዩት። የታችኞቹ ቀዳዳዎች በአቧራ ተደፍነው እንዳይሆን በሽቦ ክፈቷቸው። ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም ቆዳ ከጫናችሁ በዚያው ቀን በውሃ እጠቡ። ለበዓል በግ ስትጭኑም እንዲሁ፤ ሽንቱ ማዕዘን ውስጥ ይቀመጥና ቀለም የተጫረበትን እየፈለገ ይበላል። ጭረት ካያችሁ ክረምቱ እስኪወጣ አትጠብቁ። ቁጥር 220 ወረቀት በጣታችሁ አስነኩት፣ ጥረጉት፣ በትንሽ ብሩሽ መጀመሪያ አንቲረስት፣ ሲደርቅ ጥቁሩን ንኩት። እኔ ከቀለሙ የተረፈኝን በደንብ በምትከደን ትንሽ ጠርሙስ አድርጌ ከክሪኩ ጋር መኪናዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ።